ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሐይቅ ዳር ለመዋል መኪና፣ ነዳጅና ገንዘብ የሚበቃ ይመስላችሁ ይሆናል። መጀመሪያ የሚፈለገው ግን ባዶ ቅዳሜ ነው። ኦርቶዶክስ በበዛበት የጓደኛ ማኅበር ውስጥ ባዶ ቅዳሜ ማግኘት የቀበሌ ቤት ከማግኘት አይተናነስም። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ነው፤ ያን ጊዜ ሽርሽር ያነሳ ሰው ልጅ እንደሌለው ይታወቅበታል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ጥር የሠርግ ነው፤ ቅዳሜዎቹ ቀደም ብለው በጥሪ ካርድ ተይዘዋል። ከዚያ ሁዳዴ፣ 55 ቀን። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጥር ላይ ያላገቡት ያገባሉ። ሰኔ የሐዋርያት ጾም፣ ሐምሌ ዝናብ፣ ነሐሴ ፍልሰታ። ቀረ ጥቅምት። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» መባሉ ለብርዱ ብቻ አይመስለኝም፤ አጥንቱን የሚግጡበት ቅዳሜ የሚገኘውም ያኔ ነው።

ጉዞውን ያመጣብን ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ጓደኛችን ነው። የሚኖረው ሲያትል ስለሆነ እኛም «ሲያትል» እንለዋለን። ከከተማው ወጣ ብላ ዉድንቪል የምትባል ቦታ አለች፤ ወይን ጠማቂዎቹና መቅመሻ ቤቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው፤ የአገሩ ሰው ቅዳሜ ሲደርስ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ሲቀምስ ይውላል። «ይሄኮ እኛም አገር አለ! ዝዋይ ሐይቁ አለ፣ ወይኑ አለ፣ ምን ቀረን?» አለን። ከውጭ የመጣ ጓደኛ አገራችንን ሲያስተዋውቀን ዝም ብሎ መስማት ልማዳችን ነው፤ በተለይ የሆቴሉን ሒሳብ እሱ እንደሚከፍል ፍንጭ ከሰጠ።

ሾፌራችን ጴንጤ ነው፤ መጠጥ ከአፉ አይደርስም። ስለዚህ የወይን ጉዞ ሲታሰብ ከሁሉም በፊት የተደወለው ለእሱ ነው። «የፈለጋችሁኝ ለጸጋዬ ነው ወይስ ለመንጃ ፈቃዴ?» ብሎ ጠየቀ። ለጸጋህ ነው አልነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ መሪውን የያዘ ቴፑንም ይይዛል። እናም ወደ ወይን ጠጁ የሄድነው ከሳሪስ ጀምሮ በመዝሙር ታጅበን ነው። «ዲያቆኑ» የምንለው ጓደኛችን በልጅነቱ ቀድሷል፣ ዛሬ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ማዕረጉ ግን አልለቀቀውም። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ባንክ ትሠራለች፤ መዋጮ ያልከፈለ ሰው መስኮት አጠገብ አይቀመጥም።

መነሻችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። የተነሣነው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። አንባቢዬ ሐበሻ ስለሆነ ይህን አላብራራም።

ቱሉ ዲምቱን አልፈን የፍጥነት መንገዱን ያዝን። እስከ አዳማ የሚዘልቀው ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድም አህያ ሳያዩ ሞጆ መድረስ ተችሏል። ሾፌራችን ለዚህ ጌታን ያመሰግናል። እኔ ግን በፍጥነት መንገድ የሚደረግ ሽርሽር ሽርሽር አይመስለኝም። የድሮው መንገድ ደብረ ዘይት ላይ ይይዛችኋል፤ አንዱ ሆራን እንይ ይላል፣ ሌላው ቁርስ አልበላሁም ይላል፣ እዚያው ይመሻል፤ ማንም አይቆጭም። አዲሱ የሚያሳየው አጥርና የኪሎ ሜትር ሰሌዳ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብም የፍጥነት መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ ግን ድምፅ ተሰጠና በቆቃ በኩል በሚያልፈው አሮጌው መንገድ ወረድን። የተፈጥሮ ፍቅር አሸነፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያሸነፈው የቆቃ አሳ ነው።

ቆቃ ላይ የመጀመሪያው ክርክር ተነሣ። ሲያትል ከመኪናው ወርዶ ፎቶ እያነሳ «አንድ ሐይቅ!» ብሎ ቆጠረ። ዲያቆኑ ተቃወመ፤ እግዚአብሔር ያልሠራው ውሃ ሐይቅ አይባልም አለ። እውነት አለው፤ አዋሽ ተገድቦ የተኛበት ሰው ሠራሽ ውሃ ነው። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው፣ ኃይል ማመንጨት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ብዬ አስታራቂ ሐሳብ ጣል አደረግሁ። እስከዚያ ድረስ አሳ ስታማርጥ የነበረችው ገንዘብ ያዣችን ይህን ስትሰማ ዞር ብላ ውሃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ካሳ ከሆነማ ይቆጠራል» አለች። ተቆጠረ።

መቂ ላይ ደግሞ አስቁማ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ጠየቀች፤ ስንመለስ እንወስዳለን ብላ የነጋዴውን ስልክ ተቀበለች። የአዲስ አበባ ሰው የትም ይሂድ የት፣ በጆንያ ሽንኩርት ሳይዝ ቢመለስ ቤተሰቡ መሄዱን አያምንም።

ዝዋይ የምንላት ከተማ ዛሬ ባቱ ናት፤ ሐይቁም ደምበል ይባላል። እንደደረስን ሲያትል መርሐ ግብሩን አስታወሰን፤ ወይን የሚቀመሰው ምላስ በቅመም ሳይደነዝዝ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወይኑ፣ ከዚያ ምሳው። «በባዶ ሆድ?» ብለን በአንድ ድምፅ ጮህንበት። በእኛ አገር በባዶ ሆድ የሚጠጣው ጠበልና ኮሶ ነው። ሾፌራችን ሳይጠየቅ መሪውን ወደ አሳ ቤቱ አዞረ።

ጠረጴዛችን ውሃው ዳር ነበር። ፔሊካኖች ይንሳፈፋሉ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፋሉ፣ ማዶ ደሴቶቹ ይታያሉ፤ ሰው ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ያስብላል። ወንበር ስንይዝ ልብ ብዬ አየሁ። ከሲያትል በስተቀር ሁላችንም ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን ወደ ወጥ ቤቱ ዞረን ተቀመጥን። ጎረቤት ጠረጴዛዎቹን ቃኘሁ፤ እዚያም እንደዚሁ ነው። አባት ወደ ማዕድ ቤቱ፣ እናት ወደ ልጆቹ፣ ልጆች ወደ ስልካቸው። ፎቶ እንነሣ ሲባል ግን ሐይቁ ወለል ብሎ ይወጣል፤ ጀርባችን ላይ ነዋ። ዝዋይን አይተን የማናውቅ ብዙ ሰዎች ከዝዋይ ጋር የተነሣነው ፎቶ ሞልቶናል።

ሲያትል ይህን እንደ ጉድ ቆጥሮ ተቸን። እኔ ነቀፋ አይታየኝም። የአበሻ ሽርሽር ሐይቅ ለማየት አይደለም፤ ሐይቅ ባለበት ቦታ ለመተያየት ነው። ከተማ ውስጥ የማንተያይ ሰዎች ነን፤ በስልክ «እንገናኝ እኮ» እየተባባልን ዓመት የምንገፋ። አሁን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ ምግቡ በየት በኩል እንደሚመጣ እየተጠባበቅን፣ ሐይቁ ማጅራታችንን በነፋስ ቢያቀዘቅዝልን ምን ጎደለብን?

ሐይቁን ፊት ለፊት ይዞ ከሲያትል ሌላ የተቀመጠ ባይኖርም፣ እኛን ፊት ለፊት የያዘን ግን ነበር፤ አባ ኮዳ። ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ዝዋይ ላይ ሰው አይፈራም። ጥርስ ያጡ ሽማግሌ የሚመስል ትዕግሥት አለው ልል ነበር፤ ግን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ቆሮሶው ጎኑ ተበጥቶ፣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ሲመጣ ከእኛ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። የአሳ ዱለቱንም ተከትሎ በዓይኑ ሸኘው።

ዲያቆኑ እየበላ የደሴቶቹን ታሪክ አወራን። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ፣ ሰባ ዓመት ተቀምጣለች የሚል ትውፊት አለ። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በቄጠማ ታንኳ ሐይቁን ሲመላለሱበት የኖሩ ናቸው። «የቱ ነው ቱሉ ጉዶ?» አለ ሾፌሩ። ዲያቆኑ አጥንት እየለቀመ፣ ሳይዞር፣ አውራ ጣቱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ጠቆመ። ሾፌሩም ሳይዞር «እህ» አለ።

ወደ ወይኑ የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው። እርሻውና ፋብሪካው ካስቴል ያቋቋመው ነው፤ የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳይ ኩባንያ። ከፈረንሳይ 750 ሺህ ያህል የወይን ችግኝ አምጥቶ ተከለና የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አወጣ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» እያልን በየሱፐርማርኬቱ የምናያቸው ከዚሁ የወጡ ናቸው። አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት፤ ስለ አፈሩ አሸዋማነት፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሌሊቱ ቅዝቃዜ አስረዳችን። እኛን የያዘን ግን ቦዩ ነው። በወይኑ ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ።

«ጉማሬ ወይን ይወዳል እህቴ?» አለ ሾፌሩ።

«ያገኘውን ይበላል ጋሼ።»

ሾፌራችን ጋሼ መባሉ ቅር አሰኘው፤ ጉማሬው ግን ከዚያ በኋላ ከአፉ አልጠፋም። የቦርዶ ገበሬ በረዶ ይፈራል ይባላል። የዝዋዩ ጉማሬ ይፈራል። ሲያትል ይህን ዉድንቪል ሄዶ ሲያወራው እንደሚኖር ከዓይኑ ያስታውቃል።

ሌላም ነገር ነገረችን። የወይን ተክል በፈረንጅ አገር ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያፈራ ማድረግ ይቻላል። ዲያቆኑ ተክሉን በርኅራኄ አየው። «ያለ ጾም፣ ያለ ዕረፍት!» አለ።

ቅምሻው ክፍል ስንገባ ረጃጅም ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ አንድ ባልዲ ተቀምጧል። ልጅቷ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ሥር ጠብ የምታህል ቀዳች። ገንዘብ ያዧ ብርጭቆዋን አንስታ አየችና «ይሄ ናሙናው ነው ዋናው?» ስትል ጠየቀች። ሲያትል ግን ቤቱ የገባ ያህል ነው። ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ከተተ፣ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አንገላታው፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ፣ በተስተካከለ ቀጭን መስመር፣ ባልዲው ውስጥ ተፋው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰው የቀረበለትን መጠጥ አቅራቢዋ ፊት ሲተፋ ስናይ የመጀመሪያችን ነው። እኛ የተማርነው በሰው ቤት ጠላው ቢመርም፣ ጠጁ ቢጎመዝዝም ጨርሶ «እግዜር ይስጥልን» ማለት ነው። ገንዘብ ያዧ «የተከፈለበትን?» ብላ ሹክ አለች። ዲያቆኑ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ለእሱ ወይን ሌላ ነገር ነው። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ውስጥ ዘቢብ ሲዘፈዘፍና ሲጨመቅ አድጓል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴውን ወይን የምታገኘው ከዚያው ምእመኑ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ከሚያመጣው ዘቢብ ነውና። የቆረበ ሰው ደግሞ ምራቁን እንኳ እንዳይተፋ አፉን ሸፍኖ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ይሄኛው ወይን ያኛው እንዳልሆነ ዲያቆኑ ከማንም በላይ ያውቃል። አንገቱ ግን እምቢ አለው። የተቀዳለትን ሁሉ ዋጠ። እኛም ለአብሮነት ስንል ዋጥን። ሲያትልም ብቻውን መትፋቱ ከብዶት ከሦስተኛው ብርጭቆ ጀምሮ መዋጥ ጀመረ። ባልዲው ከመጣበት እምብዛም ሳይከብድ ተመለሰ።

«ምን ምን ይላችኋል?» አለች ልጅቷ። ሲያትል ቼሪ አለ፣ ብላክቤሪ አለ፣ ትንሽ ቆዳ አለ። ቆዳውን ሲጠራ ሁላችንም በሞጆ እንዳለፍን ትዝ አለን። የተቀረነው ቼሪ በልተን አናውቅም፤ ስለዚህ ባወቅነው ተናገርን። ገንዘብ ያዧ ሻርዶኔው ኮሰረት ቢጤ አለው አለች፤ ዲያቆኑ ሁሉንም ዘቢብ ዘቢብ አለው። ልጅቷ ሁለቱንም በአክብሮት ተቀበለች። እኔ ሲራውን ወደድኩት። ምን ምን እንደሚል ሳልናገር ወደድኩት፤ እንዲህ መውደድም ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

በየቤታችን ወይን ለዓመት በዓል ይመጣል እንጂ አይጠጣም። አንድ ዘመድ ለፋሲካ ጉደር ወይም አክሱሚት ይዞ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ተርታ ይቆማል፤ የቡሽ መክፈቻ ስለሌለ ማንም አይነካውም፤ ለገና ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ይሄዳል። ወይን ሲቆይ ይበስላል የሚሉት እውነት ከሆነ የኢትዮጵያ ቡፌ ተወዳዳሪ የለውም። ከተከፈተም በኮካ ወይም በአምቦ ውሃ ተበርዞ ነው። ሲያትል ይህን ስናወራ ፊቱን አጨማደደ። እነጉደርን የሚያመርተው አዋሽ ወይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ገንዘብ ካፈሰሱበት አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለ ፈንድ ሲሆን ሊቀመንበሩ ቦብ ጌልዶፍ ነበር፤ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ላይቭ ኤድን ያዘጋጀው አየርላንዳዊ ዘፋኝ። ይህን ስነግራቸው ዲያቆኑ ጥቂት አሰላሰለ።

«ያኔ ስንዴ፣ አሁን ወይን። የቀረው ቅዳሴው ነው» አለ።

ለማደሪያ ወደ ላንጋኖ ወረድን። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፤ ሰው ግን ደፍሮ የሚዋኘው እዚያ ነው። እኛም ነገ እንዋኛለን ብለን ተኛን። ነገውን ቁርስ ወሰደው።

ከዚያ ማዶ ያሉትን አብያታንና ሻላን ከኮረብታው ላይ አየን። ሻላ ጥልቅ ነው፤ 266 ሜትር ይወርዳል። አብያታ ግን ሸሽቷል። ውሃ ነበረ የተባለው ዳርቻ ነጭ ደረቅ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ፍላሚንጎዎቹ ሩቅ ናቸው። አብያታ በአብዛኛው የሚጠጣው ከዝዋይ ተርፎ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለትን ነው፤ ዝዋይ ላይ ደግሞ አትክልቱም፣ አበባውም፣ ከተማውም ይቀዳሉ፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከራሱ ከአብያታ ሲቀዳ ኖሯል። እዚህ ላይ ሁላችንም፣ ማንም ሳያዘን፣ ፊታችንን ወደ ሐይቁ አዙረን ቆምን። ሾፌሩ መዝሙሩን ዘጋ።

ሲያትል «ወይን ፋብሪካ አንድ ብቻ አይቶ መመለስ ጉብኝት አይባልም» እያለ ሲያጉረመርም የነበረው እስከ አርሲ ነገሌ ነው። ነገሌ ስንደርስ ዲያቆኑ «ሁለተኛው እዚህ ነው» ብሎ አስቆመን። የነገሌ ካቲካላ ዝናው የታወቀ ነው። የወረድንበት ግቢ እማማ ድፍድፉን ጥደው ነበር፤ ጌሾና ብቅሉ፣ እህሉ፣ ከሥር እሳቱ፣ እንፋሎቱ በመቃው ወጥቶ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል። ዳግም የሚባለው ተመልሶ የወጣው ነው አሉን፤ ለእንግዳ የሚቀርበው እሱ ነው። እንደ ትናንቱ የሚተነትን ንግግር አልነበረም። መለኪያ ቀረበ፤ እስከ አፉ ተሞላ።

ሲያትል ልማድ ሆኖበት መለኪያውን ማሽከርከር ጀመረ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምን ገባበት ልጄ? ዝንብ ነው?»

ሊያሸት ሞከረና ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መለሰ። በዓይኑ ዙሪያውን ቃኘ። ባልዲ የለም። «እዚህ ከተፋህ አላውቅህም» አለው ዲያቆኑ በቀስታ። ዋጠው። ገንዘብ ያዧ ደብተሯን ዘርግታ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «ምን ምን ይላል? ቼሪ አለው?» ዓይኑ እንባ ሞልቶ እጁን አወዛወዘ። እማማ ደስ አላቸውና «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙለት። ሾፌራችንን ለብቻው ቁጭ ብሎ ሲያዩት አዘኑ።

«አንተስ ልጄ?»

«ጌታን ተቀብያለሁ እማማ፤ አልጠጣም።»

«ደግ አደረግክ። ቡና ላፍላልህ።»

ቡናው እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ። ሐዋሳ ለምሳ እንደርሳለን ያልነው ተረሳ። ልንወጣ ስንል ሲያትል አንድ ሃይላንድ ሙሉ ዳግም ገዛ፤ ገንዘብ ያዧ ከማኅበሩ መዋጮ እንደማይከፈል አስጠነቀቀችው።

«ይሄን ምን ታደርግለታለህ?» አልነው።

ላስቲኩን እያጠበቀ፣ ድምፁ ገና ሳይመለስ፣ «ዉድንቪል ይዤው እሄዳለሁ» አለ። «ይቅመሱት። ከቻሉ ይትፉት።»